ለትንሹ አበባ፣ ለትልቁ ገለባ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም በአውስትራሊያና በአካባቢዋ ስለሚኖሩት ማርሱፒያሎች፣ ማለትም ልጃቸውን ገና ሳይጠና ወልደው በሆዳቸው ላይ ባለ ኪስ ውስጥ እያጠቡ ስለሚያሳድጉት አጥቢ እንስሳት፣ አንድ አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው በእነዚሁ እንስሳት ምግብና በአካላቸው ግዝፈት ላይ የሚያጠነጥኑ ስለሆኑ፣ አራቱን መርጠን በአንድነት መልስ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በጽሑፋችሁ ውስጥ በግራም የምትመዘነው ፖሰም የአበባ ወለላ ስትልስ፣ ከ80 ኪሎ በላይ የሚደርሰው ቀይ ካንጋሮ ግን ደረቅ ሣር እንደሚግጥ ተገልጿል። ይህን ለተማሪዎቼ ሳነብላቸው «ትልቅ ሰውነት ብዙ ኃይል የሚፈልግ ከሆነ፣ የተሻለው ምግብ የሚገባው ለትልቁ አልነበረም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገሩ በሰሌዳ ላይ ሊታይ በሚችል መንገድ ቢብራራልን።

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎችዎ የጠየቁት የነገሩን ሥር ነው። «ትልቅ ሰውነት ብዙ ምግብ ይፈልጋል» የሚለው አነጋገር እውነት ቢሆንም፣ ምን ያህል ብዙ እንደሚፈልግ ካልተነገረ ወደ ተሳሳተ መደምደሚያ ይወስዳል። ትውልዱ ስዊዘርላንዳዊ የሆነው ማክስ ክላይበር እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ እንስሳት ዐርፈው ባሉበት ጊዜ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ኃይል ክብደታቸው በጨመረ ቁጥር ይጨምራል እንጂ ከክብደታቸው ጋር እኩል አይራመድም፤ የሚያድገው በግምት የክብደቱን 0.75 ርቢ ተከትሎ ነው። ለሰሌዳ የሚመቹት ቁጥሮች 1፣ 16 እና 81 ናቸው። 1 ኪሎ የሚመዝነው እንስሳ በቀን የሚያስፈልገውን ኃይል አንድ እጅ ብንለው፣ 16 ኪሎ የሚመዝነው የሚያስፈልገው 16 እጅ ሳይሆን 8 እጅ፣ 81 ኪሎ የሚመዝነው ደግሞ 27 እጅ ብቻ ነው። ይህም ማለት በየኪሎው ሲከፋፈል፣ 16 ኪሎው እንስሳ የትንሹን ግማሽ፣ 81 ኪሎው ደግሞ ሲሶውን ብቻ ይፈልጋል ማለት ነው።

የሆድ ዕቃ የመያዝ አቅም ግን እንዲህ አይቆጠብም። ሣርና ቅጠል በሚበሉ እንስሳት ዘንድ በጨጓራና በአንጀት ውስጥ የሚያዘው ምግብ ክብደት ከሰውነት ክብደት ጋር እኩል ለማለት በሚያስችል መጠን አብሮ ያድጋል። ስለዚህ 81 ኪሎ የሚመዝነው እንስሳ የ1 ኪሎውን 81 እጥፍ የሚይዝ ሆድ ይዞ፣ መሸፈን ያለበት ፍላጎት ግን 27 እጥፍ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ጉርሻ የሚያገኘው ኃይል ከትንሹ እንስሳ ጉርሻ ሲሶ ቢሆንም እንኳ አይከስርም፤ ወይም ደግሞ የበላውን ይበልጥ አቆይቶ ሊያብላላው ጊዜ አለው።

ጊዜ የሚያስፈልግበትም ምክንያት አለ። ሣርና የበሰለ ቅጠል በአብዛኛው የተሠሩት ከሴሉሎስና ሴሉሎስን ከሚያጠነክሩ ሌሎች ነገሮች፣ በተለምዶ አሰር ከምንለው፣ ነው። አጥቢ እንስሳ አሰርን የሚፈጭ የራሱ ኢንዛይም ስለሌለው፣ ይህን ሥራ በሆዱ ውስጥ ለሚኖሩ ባክቴሪያዎችና ሌሎች ረቂቅ ሕዋሳት ይተወዋል፤ እነርሱም ሲያብላሉት የሚወጡትን አሲዶች ለኃይል ምንጭነት ይጠቀምባቸዋል። ይህ ሥራ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። ጋኑ ትልቅ ሆኖ በየቀኑ የሚቀዳው ጥቂት ከሆነ ጠላው ሳይበስል አያልቅም፤ በማሰሮ ጠምቆ ብዙ እንግዳ ላስተናግድ የሚል ግን ጥንስሱን መቅዳቱ አይቀርም። ትንሽ እንስሳ ያለው ማሰሮ ነው፤ እንግዳው ደግሞ በየሰዓቱ ነው የሚመጣበት። ስለሆነም ሳይብላላ ወዲያው ወደ ደም የሚገባ ምግብ፣ ማለትም ስኳር፣ ፕሮቲን፣ ዘይት ያለው ፍሬ ወይም ነፍሳት ካላገኘ ሊኖር አይችልም።

አሁን ወደ ማርሱፒያሎቹ እንመለስና ከታች ወደ ላይ እንያቸው። በምዕራብ አውስትራሊያ ደቡብ ምዕራባዊ ጥግ ብቻ የምትገኘው ሃኒ ፖሰም ክብደቷ ከ7 እስከ 16 ግራም ሲሆን፣ ጫፉ ጸጉራም በሆነው ረጅም ምላሷ የአበባ ወለላና ብናኝ እየላሰች ትኖራለች። ጥርሶቿ የሚያኝኩት ነገር ስለሌላቸው መንምነው እንደ ሚስማር ጫፍ ቀርተዋል። በዚያ ጥግ ብቻ መወሰኗም በምግቧ ምክንያት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አንዱ ተክል ሲረግፍ ሌላው የሚያብብበት አገር ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ፍጡር ሊዘልቅ አይችልም። ብርድና ረኃብ ሲገጣጠሙባት ደግሞ የሰውነቷን ሙቀት ጥላ ለሰዓታት ትደነዝዛለች፤ ትንሽ አካል ያለ ስንቅ የሚያድርበት ዘዴ ይኸው ነው። ቀጥሎ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚንሳፈፈው ሹገር ግላይደር ይመጣል። ክብደቱ ከ100 ግራም እምብዛም አይርቅም፤ የግራርን ሙጫና የባሕር ዛፍን ፈሳሽ ቅርፊቱን በጥርሱ እየፋቀ ይመጥጣል፤ ሙጫና ፈሳሽ ፕሮቲን ስለሚጎድላቸውም ነፍሳት እያደነ ይጨምርበታል።

ወደ ካንጋሮ ዘመዶች ስንሻገር መጀመሪያ የምናገኛት በኩዊንስላንድ ዝናባማ ደን የምትኖረውን፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ የምትመዝነውን መስኪ ራት ካንጋሮ ነው። እርሷ የወደቀ ፍሬ፣ እንጉዳይና ነፍሳት ትለቅማለች እንጂ ሣር አትግጥም። 1 ኪሎ ገደማ የሚሆኑት ፖቶሩዎች ከመሬት በታች የሚበቅል እንጉዳይ በፊት እግራቸው ጥፍር እየቆፈሩ ያወጣሉ። ከዚያ በላይ ያሉት ልዩ ልዩ ዋላቢዎች ለጋ ቅጠልና ለስላሳ ሣር ያማርጣሉ፤ በመጨረሻም ወንዱ እስከ 85 ኪሎ የሚደርሰው ቀይ ካንጋሮ በደረቁ የአውስትራሊያ መሐል አገር ሣር ግጦ ያድራል። ለተማሪዎችዎ የሚጠቅም አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ደግሞ በዚሁ በአንድ ዝርያ ውስጥ ይገኛል። ድርቅ ሲመጣ ከቀይ ካንጋሮዎች መካከል አስቀድመው የሚያልቁት ከእናታቸው ኪስ በቅርቡ የወጡት ግልገሎች ናቸው፤ ሆዳቸው ትንሽ፣ የዕድገት ፍላጎታቸው ግን ብዙ ስለሆነ፣ እናትየዋ የምትችለውን ደረቅ ሣር እነርሱ አይችሉትም። የዝርያው ጠባይ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የአካል መጠን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከሆድ ዕቃ ይልቅ ከአገሩ ጋር የተያያዘ ነው። ጥራት ያለው ምግብ በተፈጥሮው ጥቂትና የተበታተነ ሲሆን፣ አሰር የበዛበት ግን በየሜዳው ሞልቷል። ፍሬ እየለቀመ ለመኖር የሞከረ 80 ኪሎ ካንጋሮ ቀኑን ሙሉ ሲባክን ውሎ የፍላጎቱን ሩብ እንኳ አይሞላም፤ አፉም ሰፊ ስለሆነ አንዷን ለጋ ቅጠል ከግንዱ ለይቶ ለማንሳት አይመችም። ትልቁ እንስሳ የወረደ ምግብ የሚበላው ስለሚወደው አይደለም፤ ስለሚችለውና የሚበቃውን ያህል የሚያገኘው እርሱን ብቻ ስለሆነ ነው። ይህን ሐሳብ በአፍሪካ ሜዳዎች የሚኖሩትን የዱር ሣር በል እንስሳት ያጠኑት ሪቻርድ ቤልና ፒተር ጃርማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አደራጅተው ስላቀረቡት እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። ጃርማን ኋላ ወደ አውስትራሊያ ተሻግሮ ካንጋሮዎችን ማጥናቱ ሐሳቡን ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ቅርብ ያደርገዋል።

አንድ ጥንቃቄ ላክል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተሠሩ ንጽጽሮች፣ አካል በገዘፈ ቁጥር ምግቡ በሆድ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ያለ ገደብ እየረዘመ እንደማይሄድ አሳይተዋል፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ጭማሪው አነስተኛ ነው። ስለዚህ የግዙፎቹን ጥቅም አንድን ጉርሻ ከሌላው አስበልጦ በማብላላት ብቻ ማስረዳት አይበቃም፤ ጥራቱ የወረደውን ምግብ በብዛት የመቀበል አቅማቸውም አብሮ መቆጠር አለበት። በእኔ በኩል የቁጥሩን ሕግ ለተማሪ ሲያስተምሩ እንደ አጥር ሳይሆን እንደ ዝንባሌ ቢያቀርቡት ይሻላል እላለሁ፤ ቀጥሎ ያለው ደብዳቤም ምክንያቱን ያሳያል።

ጥያቄ፦ ከጣርማበር ነው የምጽፈው። በእኛ አገር ባሕር ዛፍ የሚተከልበት አንዱ ምክንያት ከብትም ሆነ ፍየል ስለማይነካው አጥር የማያሻው መሆኑ ነው። ኮዋላ ግን ከእርሱ በቀር ሌላ እንደማይበላ ጻፋችሁ። ፍየላችን ያቃተውን ይህ ትንሽ እንስሳ እንዴት ቻለው?

መልስ፦ ጥያቄዎ ትክክለኛ ቦታውን የያዘ ነው፤ ኮዋላ ከላይ በተነገረው ሕግ ቢመዘን በዚህ ምግብ ላይ መገኘት ያልነበረበት እንስሳ ነውና። ክብደቱ ከ4 እስከ 15 ኪሎ ሲሆን፣ በቀዝቃዛው ደቡብ ያሉት በሞቃታማው ሰሜን ካሉት በእጅጉ ይገዝፋሉ። የሚበላው ቅጠል ደግሞ ፕሮቲኑ ጥቂት፣ አሰሩ ብዙ፣ በዚያ ላይ ታኒንና ሲሸት አፍንጫ የሚወጋው ዘይት የበዛበት ነው።

መጀመሪያ ፍየሉን እንይ። ፍየል የበላው ሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው ባክቴሪያዎቹ በሚኖሩበት በጨጓራው ውስጥ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይት ደግሞ ባክቴሪያን የሚጎዳ ነገር ስለሆነ፣ ቅጠሉን በብዛት የበላ ፍየል ምግቡን የሚያብላሉለትን ሠራተኞች በገዛ እጁ ያዳክማል። በኮዋላ ዘንድ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። ቅጠሉ ከጨጓራው ወደ ትንሹ አንጀት ሲያልፍ ዘይቱ ወደ ደም ይመጠጥና በጉበት ይመክናል፤ ኮዋላም መርዝን የሚያመክኑ ኢንዛይሞችን የሚያሠሩ ዘረመሎች በብዛት እንዳሉት እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው የዘረመል ጥናት አሳይቷል። ባክቴሪያዎቹ የሚጠብቁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ትንሹና ትልቁ አንጀት በሚጋጠሙበት ላይ ባለው፣ ዕውር አንጀት በሚባለው፣ በኮዋላ እስከ 2 ሜትር በሚረዝም ከረጢት ውስጥ። እዚያ የሚደርሰው አብዛኛው ዘይት ከላዩ የተገፈፈለት ቅሪት ነው።

በዚህ ከረጢት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ይመስለኛል። ኮዋላ የበላውን ሁሉ አያቆይም። ፈሳሹንና በደንብ የደቀቀውን ወደ ዕውር አንጀቱ መልሶ ለረጅም ጊዜ ሲይዝ፣ ሻካራውን አሰር ግን ቶሎ ያስወጣዋል። በትንሽ ሆድ ውስጥ ቦታ የሚይዘውና ጥቅሙ አነስተኛ የሆነው ሻካራው ስለሆነ፣ እርሱን አስወግዶ ፍሬ ያለውን ማቆየት ሆድን ሳያሳድጉ የትልቅ ሆድን ጥቅም እንደማግኘት ነው። ለዚህም ቅጠሉ በጥርስ በደንብ መድቀቅ አለበት፤ ጥርሱ ያለቀበት ያረጀ ኮዋላ ቅጠል በተትረፈረፈበት ዛፍ ላይ ተቀምጦ ከስቶ ይሞታል።

ቀሪው ነገር ቁጠባ ነው። ማርሱፒያሎች በጥቅሉ ዐርፈው ባሉበት ጊዜ የሚያቃጥሉት ኃይል በተመሳሳይ ክብደት ካሉት ሌሎች አጥቢዎች በ30 በመቶ ያህል ያነሰ ሲሆን፣ ኮዋላ ከዘመዶቹም ያነሰ ያቃጥላል። በቀን እስከ 20 ሰዓት የሚተኛውም፣ አንዳንዶች በባሕር ዛፉ እንደሚሰክር እንደሚያወሩት ሳይሆን፣ ገቢው የሚያስችለው ወጪ ያን ያህል ብቻ ስለሆነ ነው። ባክቴሪያዎቹን ልጁ ይዞ አይወለድም፤ ከወተት ወደ ቅጠል በሚሸጋገርበት ሰሞን እናቲቱ ከዕውር አንጀቷ የምታወጣውን ለስላሳ ነገር በልቶ ይረከባቸዋል። ምርጫም አለበት፦ ከ700 ከማያንሱት የባሕር ዛፍ ዝርያዎች መካከል የሚበላቸው ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱን ዛፍ ከአጠገቡ ካለው፣ አንዱን ቅጠል ከሌላው አሽትቶ ይለያል። በደጋችን በብዛት የሚተከለው ነጭ ባሕር ዛፍ ከሚበላቸው አንዱ ነው፤ በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ለእንጨት ሲባል በተተከሉ የነጭ ባሕር ዛፍ ደኖች ውስጥ ብዙ ኮዋላዎች ሰፍረው ይገኛሉ።

ከኮዋላም ያነሱ አሉ። ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚንሳፈፈው ትልቁ ግላይደር እና ሪንግቴይል የሚባለው ፖሰም ክብደታቸው 1 ኪሎ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ዋና ምግባቸው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ሪንግቴይል ይህን የሚወጣው ቀን ቀን በጎጆው ተኝቶ ሳለ ከዕውር አንጀቱ የሚወጣውን ለስላሳ እበት መልሶ በመብላት፣ ማለትም አንዱን ምግብ ሁለት ጊዜ በአንጀቱ በማሳለፍ ነው። ከዚህ በታች ወርዶ በባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ መኖር እጅግ አስቸጋሪ ሲሆን፣ ከኮዋላ በላይ ገዝፎ በቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያለውን ቅጠል መድረስም አይቻልም። ቅጠሉ ከታች፣ ቅርንጫፉ ከላይ ወስነዋቸው፣ እነዚህ የዛፍ ላይ ቅጠል በሎች ከ1 እስከ 15 ኪሎ ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ተሰብስበው መገኘታቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ። በጎችና በሬዎች አሉን፤ በበጋ የሚበሉት ከጓሳ ሣር ሌላ የገብስ ገለባ ነው። ካንጋሮ ያመሰኳል? ገለባ ቢሰጠው እንደ በሬ ይችለዋል ወይስ እንደ በግ ይከሳል?

መልስ፦ ካንጋሮ እንደ በሬና እንደ በግ አያመሰኳም። አንዳንድ ጊዜ የዋጠውን ወደ አፉ መልሶ ሲያኝክ ይታያል እንጂ፣ ጋደም ብሎ ሰዓታት የሚፈጅበት የማመስኳት ልማድ የለውም። ሆኖም የሚያብላላው እንደ እነርሱ ከፊት፣ በጨጓራው ውስጥ ነው።

ልዩነቱ በቅርጹ ላይ ነው። በግ ያረደ ሰው እንደሚያውቀው፣ ትልቁ ጨጓራ ሰፊ ከረጢት ሲሆን፣ ከእርሱ ቀጥሎ ውስጡ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበው ሽንፍላ አለ። ከጨጓራው ወደ ሽንፍላው የሚያሳልፈው በር ጠባብ ስለሆነ፣ ምግቡ እየተመሰኳ ካልደቀቀ አያልፍም። ሣሩ ለጋ ሲሆን ይህ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ምንም ሳይባክን ይብላላል። ገለባ ሲሆን ግን ሻካራው ከጨጓራው አልወጣ ይልና ሆዱ ሞልቶ ሳለ እንስሳው ይራባል፤ መንዝ ውስጥ በበጋ መጨረሻ ሆዱ የተነፋ፣ ጎኑ ግን አጥንቱ የሚቆጠር በግ የሚታየው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የካንጋሮ ጨጓራ ደግሞ እንደ ረጅም ቱቦ የተዘረጋና በየቦታው የተጨማደደ ነው። ምግቡ ከአንዱ ጫፍ ገብቶ እየተብላላ ወደ ሌላው ጫፍ ይጓዛል፤ ካልደቀቀ የማያሳልፍ በር የለበትም። ስለዚህ ምግቡ ሲሻክር ካንጋሮ አሰሩን በግ በሚያብላላው ልክ ባያብላላውም፣ ተጨማሪ መብላት ግን ይችላል፤ መሸፈን ያለበት ፍላጎትም ከላይ እንደተጠቀሰው ያነሰ ነው። ተመሳሳይ ክብደት ያላቸው በግና ካንጋሮ ገለባ ብቻ ቢሰጣቸው ኑሮው ይበልጥ የሚከብደው በበጉ ላይ ነው። ከበሬ ጋር ግን አይወዳደርም፤ የበሬው ግዝፈት የካንጋሮን ብልሃት ይበልጠዋል።

ሣር በል ከሆኑት ማርሱፒያሎች መካከል ሌላ መንገድ የያዘው ዎምባት ነው። ከ20 እስከ 35 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ አጭርና ድፍን፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር ይህ እንስሳ የሚያብላላው ከኋላ፣ በትልቁ አንጀቱ ውስጥ ነው፤ በዚህ ከበጉ ይልቅ ከአህያው ጋር ይመሳሰላል። አህያ ግን በገለባ የሚኖረው ብዙ በልቶ ቶሎ በማሳለፍ ሲሆን፣ ዎምባት ጥቂት በልቶ ለቀናት በሆዱ በማቆየት ነው። ይህን ያስቻለው የኃይል ወጪው ከማርሱፒያሎች እንኳ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ መሆኑና የቀኑን ሐሩርም ሆነ ብርዱን በጉድጓዱ ውስጥ ማሳለፉ ነው። ጥርሶቹ ሥር የሌላቸውና ዕድሜ ልክ የሚያድጉ በመሆናቸው ሻካራው ሣር አይጨርሳቸውም። የካንጋሮ መንጋጋዎች ግን ያልቃሉ፤ ከኋላ ያሉት እየገፉ ወደ ፊት ይመጣሉ፣ ያለቁት ይወድቃሉ።

ከዚህ ተነሥቶ «ትልቅ ሁሉ ሣር በል ነው» ብሎ መደምደም ግን አይገባም። ከአሥር ሺዎች ዓመታት በፊት የጠፋውና 230 ኪሎ ያህል ይመዝን እንደነበር የሚገመተው ፊቱ አጭር ካንጋሮ፣ ፕሮኮፕቶዶን፣ ከዛሬዎቹ ሁሉ የገዘፈ ሆኖ ሳለ ጥርሱና የጥርሱ ኬሚካዊ ይዘት የሚመሰክሩት ሣር በል ሳይሆን የቁጥቋጦ ቅጠል በል እንደነበር ነው። ከማርሱፒያሎች ሁሉ ትልቁ የነበረው፣ ክብደቱ ከ2,500 ኪሎ በላይ የሚገመተው ዲፕሮቶዶንም ከዎምባትና ከኮዋላ ወገን የሚቆጠር ነበር። ግዝፈት የሚሰጠው ፈቃድ አሰር የበዛበትን ምግብ የመቻል ፈቃድ ነው፤ ያ አሰር ከሣር ይምጣ ወይስ ከቁጥቋጦ የሚወስነው እንስሳው የተገኘበት አገርና ጥርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ከአንኮበር። በገደላችን ሽኮኮ ይበዛል፤ ወደ ጓሳ ሲኬድ ደግሞ ጭላዳ አለ። ሁለቱም ኪስ የላቸውም፤ ሆኖም ሕጋችሁ ለእነርሱ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል። ሕጉ የክብደትና የሆድ እንጂ የኪስ ጉዳይ አይደለም። ሽኮኮ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ብቻ እየመዘነ ሣርና ቅጠል መብላቱ ከኮዋላ ጋር አንድ ያደርገዋል፤ ዘዴውም ተቀራራቢ ነው። በክብደቱ ከሚጠበቅበት ያነሰ ኃይል ያቃጥላል፤ ከዕውር አንጀቱ በተጨማሪ በትልቁ አንጀቱ ላይ ጥንድ ከረጢቶች ስላሉት ምግቡን በሁለት ቦታ ያብላላል። ጠዋት ጠዋት በገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ የሚያዩዋቸውም ሌሊት የወረደውን የሰውነት ሙቀታቸውን ከምግብ ሳይሆን ከፀሐይ ለመመለስ ነው።

ጭላዳ ወንዱ ወደ 20፣ ሴቷ ወደ 12 ኪሎ ትመዝናለች፤ ከዝንጀሮ ወገን ዋና ምግቡ ሣር የሆነ ሌላ የለም። አያመሰኳም፤ ሆዱም እንደ በሬ የተከፋፈለ አይደለም። ይህን የሚያካክሰው በእጁና በጥርሱ ነው፦ በጣቶቹ ለጋውን ከደረቁ እየለየ ይነጫል፤ መንጋጋውም ሣሩን ከሌሎች የዝንጀሮ ወገኖች ይበልጥ ያደቅቀዋል። በጓሳ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ከሣሩ ጋር ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ትንንሽ ዕፅዋት በብዛት ይበላል፤ ሣሩ ሲደርቅም በሬው ደረቁን መጋጡን ሲቀጥል ጭላዳ መሬቱን በጣቶቹ ቆፍሮ ሥር ያወጣል።